ታጥቦ ጭቃ እንዳይሆን

በሚገባ ያልታጠበ የመሞከሪያ ቱቦ ውጤት ሲያበላሽ በቤተ ሙከራችን አይተናል። ይኸው ጣጣ በትልልቆቹ ምርምሮችም አለ።

የህንዱ ሳይንቲስት ሲ.ቪ. ራማን በ1928 እ.ኤ.አ. እንዳሳየው፣ ሞለኪውል ላይ ያረፈ ብርሃን ሲበተን ጥቂቱ የሞገድ ርዝመቱን ይለውጣል። ለውጡ እንደ ጣት አሻራ የሞለኪውሉን ማንነት ይናገራል። ችግሩ ምልክቱ በጣም ደካማ ነው። በ1974 እ.ኤ.አ. ፍላይሽማንና ባልደረቦቹ እንግሊዝ አገር ፒሪዲን የተባለውን ውህድ ሻካራ ብር ላይ አድርገው ጎላ ያለ ምልክት አገኙ። ዛሬ በእንዲህ ያለ የብር ወይም የወርቅ ገጽ በምግብ ላይ የቀረ ፀረ ተባይ መድኃኒት ሳይቀር ይፈለጋል።

ታዲያ ገጹ አንዴ ከተለካበት በኋላ ብዙ ጊዜ ይጣላል፤ የተለጠፈበት ነገር በቀላሉ አይለቅማ! አንዳንድ ጓዶች «መጣሉ ይሻላል» ይላሉ። እኛ አንስማማም። ገንዘብ ያጠረው ቤተ ሙከራ በየልኬቱ ብር እየጣለ የት ይደርሳል? ብሩ ከቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ጋር ከተሠራ፣ አልትራቫዮሌት ብርሃን ሲያርፍበት ቅሪቱ ይፈራርሳል፤ ገጹም በውኃ ታጥቦ እንደገና ይሠራበታል።

ነገር ግን «አሥር ጊዜ አገለገለ» ስለተባለ ብቻ አናጨበጭብም። ብር አየር ውስጥ ባለ የድኝ ውህድ ይጠቁራል፣ አቅሙም ይደክማል። የትናንቱ ቅሪት ደግሞ የዛሬ ግኝት መስሎ ሊነበብ ይችላል፤ በደንብ ባልጠፋ ሰሌዳ ላይ የጻፈ መምህር ይህን ያውቃል። ከእጥበት በኋላ ባዶውን ገጽ ለክቶ፣ ቀጥሎም መጠኑ የታወቀ ናሙና አድርጎበት ሁለቱንም ግራፍ ያላሳየን ተመራማሪ፣ «ገጹ ነጽቷል» ቢለን እንዴት እንመነው?