ሕጉ ጠበቀ፤ ሣሩ አለቀ

ቴክሳስ ውስጥ አትዋተር የምትባለውን የሜዳ ዶሮ ማደን የተከለከለው በ1937 እ.ኤ.አ. ነው። በዚያ ዓመት 8,700 ያህል ወፎች ነበሩ። በ1967 በመጥፋት ላይ ካሉ የአገሪቱ እንስሳት መዝገብ ስትገባ የቀሩት 1,000 ገደማ ነበሩ። በ1996 ሲቆጠሩ 42 ሆነው ተገኙ። ክልከላው ለስልሳ ዓመት ያህል ሳይነሳ ጸንቶ ሳለ ወፏ ከ8,700 ወደ 42 ወረደች።

ስለ ቆቅ፣ ስለ ድርጭት፣ ስለ ጅግራና ስለ ዘመዶቻቸው ቁጥር ሲነሳ ሁሉም ጣቱን የሚቀስረው አዳኙ ላይ ነው። ባለሥልጣኑ የፈቃድ ዋጋ ይጨምራል፣ በቀን የሚገደለውን ቁጥር ይቀንሳል፣ ወቅቱን ያሳጥራል። አዳኙ ይከራከራል። አደን የሚጠላው ሰው ደግሞ ጭራሽ ይዘጋ ይላል። ሦስቱ የተጣሉ ቢመስሉም አንድ እምነት ይጋራሉ፦ የወፉ ዕጣ የተጻፈው ፈቃዱ ወረቀት ላይ ነው ብለው ያምናሉ። እምነቱ የተሳሳተ ነው፤ ጎጂም ነው። መሬቱን ማን ምን እያደረገው እንደሆነ ከመጠየቅ ሁሉንም ያድናቸዋል።

የቴክሳሷን ወፍ ምን ፈጃት? በባሕረ ሰላጤው ዳርቻ የተዘረጋው ሣራማ ሜዳ በአንድ ወቅት 6 ሚሊዮን ኤከር ያህል ነበር፤ ዛሬ የቀረው ከመቶ አንድ እጅ አይሞላም። ከፊሉ ለሩዝ ታረሰ፣ ከፊሉን ቁጥቋጦ ወረሰው፣ ከፊሉ ከተማ ሆነ። ብዙ ወገኖቻችን የሚኖሩበት ሂውስተን የተስፋፋው በዚያ ሜዳ ላይ ነው። በተረፈው ቁራሽ መሬት ላይ ደግሞ ከደቡብ አሜሪካ የገባ ቀይ ጉንዳን ሰፈረበት፤ ጫጩቶቹ የሚለቅሟቸውን ነፍሳት ፈጀባቸው። በ2015 የታተመ ጥናት ጉንዳኑ በተቀነሰበት ቦታ ነፍሳቱ እንደበረከቱ፣ የጫጩቶቹም የመትረፍ ዕድል እንደጨመረ አሳይቷል። ይህን ጉንዳን የሚያስቆም የአደን ደንብ የለም።

እነዚህ ወፎች ዕድሜያቸው አጭር፣ ርቢያቸው ብዙ ነው። ቦብዋይት የምትባለው የአሜሪካ ድርጭት በአንድ ጎጆ ከ12 እስከ 14 እንቁላል ትጥላለች። ከመቶ ከ70 እስከ 80 የሚሆኑት ዓመት ሳይዞር ይሞታሉ፤ አደን ባለበትም በሌለበትም። ብርድ፣ ረሃብ፣ ጭልፊትና ቀበሮ ይወስዷቸዋል። ተመራማሪው ፖል ኤሪንግተን በ1930ዎቹ በዊስኮንሲንና በአዮዋ በየበረዶው ወራት ድርጭት ሲቆጥር የተረዳው ይህንን ነበር፦ አንድ መሬት የሚያሳድረው ወፍ በመጠለያውና በምግቡ ልክ ነው፤ ከልኩ ያለፉት በረዶው ሲቀልጥ የሉም። ኤሪንግተን ነገሩን ትንሽ አግንኖታል። ከእሱ በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች በበረዶው ወራት ማብቂያ ላይ የሚደረግ አደን ለመራባት የተረፉትን ወፎች በቀጥታ እንደሚቀንስ አሳይተዋል፤ ስለዚህ የወቅት ገደብ ጥቅም አለው። ይሁንና ከ1966 ወዲህ ቦብዋይት ከመቶ ከ80 በላይ ስትቀንስ የድርጭት አዳኙም አብሮ ተመናምኗል። አዳኝ እየቀነሰ ወፍም ከቀነሰ ጥፋቱን ሌላ ቦታ መፈለግ ግድ ነው።

ጫጩት በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ሳምንታት የምትኖረው በነፍሳት ነው። እህል የምትለቅመው ካደገች በኋላ ነው። ዲክ ፖትስ የተባለው እንግሊዛዊ ተመራማሪ በሰሴክስ የእህል ማሳዎች ላይ ከ1968 ጀምሮ ግራጫዋን ቆቅ ሲከታተል የደረሰበት ግኝት ለእኔ በዚህ መስክ ከተሠራው ሁሉ ይበልጣል። ከ1950ዎቹ ወዲህ የተስፋፋው የአረም መድኃኒት ወፏን በቀጥታ አልገደላትም። አረሙን አጠፋ፤ አረሙ ላይ የሚኖሩት ነፍሳት አብረው ጠፉ፤ ጫጩቶቹ በረሃብ አለቁ። ገበሬው ጠመንጃ አልያዘም፣ ወፏንም አላያትም፤ ማሳውን ብቻ አጸዳ። በብሪታንያ ግራጫዋ ቆቅ ከ1960ዎቹ መጨረሻ ወዲህ ከመቶ ከ90 በላይ ቀንሳለች።

ነገሩ ጥርት ብሎ የሚታየው ግን ሳውዝ ዳኮታ ላይ ነው። ፌዛንት ጭራው ረጅም፣ የወንዱ አንገት በነጭ ቀለበት የታሰረ፣ ከእስያ የመጣ ወፍ ነው። በዚያ ግዛት የመጀመሪያው የአደን ወቅት የተከፈተው በ1919 ሲሆን በአንድ ካውንቲ ለአንድ ቀን ብቻ ነበር። በ1943 ፌዛንቱ የግዛቱ መለያ ወፍ ተባለ። የአደን ደንቡ ብልህ ነው፦ የሚገደለው ወንዱ ብቻ ነው፣ እሱም በቀን ሦስት። አንድ አውራ ለብዙ ሴት ስለሚበቃ አደኑ የሚቀጥለውን ዓመት ጫጩት አይነካም። ይህ መሠረታዊ ደንብ ለአሥርተ ዓመታት ሳይለወጥ ቆይቷል። የወፉ ቁጥር ግን እንዲያ አልረጋም።

በ1956 የፌዴራሉ መንግሥት ለገበሬው እየከፈለ መሬት ጦም የሚያሳድር ፕሮግራም አወጣ፤ ፌዛንቱ በዛ። ውሉ ሲያበቃ መሬቱ ተመልሶ ታረሰ፤ በ1960ዎቹ አጋማሽ ወፉ ወደቀ። በ1985ቱ የእርሻ ሕግ ሌላ ፕሮግራም መጣ፤ ገበሬው መሬቱን ለ10 ወይም ለ15 ዓመት በሣር ሸፍኖ ሲያቆይ ኪራይ ይከፈለው ጀመር። በ2007 በመላ አገሪቱ በዚህ ውል ሥር የነበረው መሬት ከ36 ሚሊዮን ኤከር በላይ ነበር። በዚያው ዓመት የሳውዝ ዳኮታ ፌዛንት 12 ሚሊዮን ተጠጋ፤ ከ1960ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ እንዲህ በዝቶ አያውቅም። ከዚያ ቤንዚን ውስጥ ኤታኖል እንዲቀላቀል የሚያስገድደው ሕግ የበቆሎን ገበያ አጦፈው። ከ2006 እስከ 2011 ባለው ጊዜ ሳውዝ ዳኮታንና አራት ጎረቤቶቿን በሚያካትተው አካባቢ 1.3 ሚሊዮን ኤከር ያህል ሣር ወደ በቆሎና አኩሪ አተር ተለወጠ። በ2012 ድርቅ መጣ፣ የ2013 ጸደይ በብርድና በዝናብ ዘገየ። በዚያ ዓመት በተደረገው የጫጩት ቆጠራ ቁጥሩ ከዓመት በፊት ከነበረው በ64 ከመቶ ወርዶ ተገኘ።

ተፈጥሮ ጨካኝ ናት፤ ይህን አልክድም። በመፈልፈያው ሳምንት የሚጥል ቀዝቃዛ ዝናብ ገና ላባ ያላወጣችውን ጫጩት ይገድላል፤ ማንም ገዥ ይህን አያግደውም። ግን ድርቁም ብርዱም ዱሮ ነበሩ። ሣር በተረፈበት ዘመን ወፉ ከክፉ ዓመት በኋላ ያንሰራራል፤ የተረፉት እናቶች ጎጆ የሚሠሩበት ስፍራ አላቸውና። ሣሩ ሲነሳ አንድ ክፉ ዓመት የብዙ ዓመት ኪሳራ ይሆናል።

የግዛቱ መሪዎች ይህን አውቀውት ነበር። በ2013 ታኅሣሥ ሂውረን ከተማ ላይ ስለ ወፉ መኖሪያ ጉባኤ ተጠርቶ ትክክለኛው ጥያቄ ተነስቷል። በ2019 ግን ግዛቱ ለእያንዳንዱ የራኩን፣ የስካንክ፣ የኦፖሰም፣ የባጀርና የቀበሮ ጅራት 10 ዶላር መክፈል ጀመረ። ከ50,000 በላይ ጅራት ተሰበሰበ፤ ለጅራት ብቻ ግማሽ ሚሊዮን ዶላር ወጣ። በ2020 ደግሞ ዓመታዊው የጫጩት ቆጠራ ቆመ፤ ዝቅተኛ ቁጥር ከሌላ ግዛት የሚመጣውን አዳኝ ያርቃል የሚል የገበያ ሐሳብ በነገሩ ውስጥ ነበረበት። ይህ ከጅራቱም የከፋ ነው። ቆጠራ የሌለው ጥበቃ ማንንም ተጠያቂ አያደርግም።

ነጣቂ እንስሳትን መቀነስ ፈጽሞ አይጠቅምም አልልም። በእንግሊዝ ሳልስበሪ ሜዳ በ1980ዎቹ በተደረገ ሙከራ ነጣቂዎች በተቀነሱበት ቦታ ግራጫዋ ቆቅ ካልተቀነሱበት ቦታ ከ3 እጥፍ በላይ በዝታለች። ሆኖም ያ ሥራ ጠባብ በሆነ ቦታ፣ ልክ በመፈልፈያው ወራት፣ በባለሙያ ጠባቂ በየዓመቱ የተሠራ ነው። በሰፊ ግዛት ላይ ማንም ከፈለገበት ቦታ ጅራት እያመጣ የሚከፈለው ገንዘብ ያንን ውጤት አያመጣም። ሣሩ ጠባብ ቅንጣቢ ሲሆን ራኩኑ ጎጆውን በቀላሉ ያገኛል፤ ሣሩ ሲሰፋ ፍለጋው ይከብደዋል። ያ ገንዘብ ለሣር ኪራይ ቢውል ሁለቱንም ሥራ ይሠራ ነበር።

አደኑን የሚገታ ባልነበረበት ዘመን ምን እንደሆነም እናውቃለን። ሂዝ ሄን የምትባለው የሜዳ ዶሮ በ1870 ገደማ ከአሜሪካ ዋና ምድር የጠፋችው ገደብ በሌለው አደን ነው። ማርታስ ቪንያርድ በምትባል ደሴት ላይ ብቻ ቀረች። በ1908 እዚያ ክልል ተከለለላት፤ ከ50 ገደማ ተነስታ 2,000 ደረሰች። በ1916 በጎጆ ወራት እሳት ተነስቶ ሜዳውን በላው፤ ብርድ፣ ጭልፊትና የዶሮ በሽታ ተከታተሉባት። የመጨረሻዋ ወፍ በመጋቢት 1932 ታየች፤ ከዚያ በኋላ ያያት የለም። የአደን ሕግ የሚያስፈልገው አደኑ ራሱ ጨራሽ ሲሆን ነው። ከዚያ ወዲያ ያለውን ሥራ መሬቱ ነው የሚሠራው።

ይህን ሁሉ በአማርኛ የምጽፈው ነገሩ እኛንም ስለሚነካ ነው። የሃርውድ ቆቅ ከኢትዮጵያ በቀር በዓለም ላይ የትም የለችም። ያለችው በጀማ፣ በሙገርና በዓባይ ሸለቆዎች ነው፤ የምትጠለለውም በወንዝ ዳር ፊላና ቁጥቋጦ ውስጥ ነው። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የዱር እንስሳት አዋጃችን ቁጥር 541/1999 አደንን በፈቃድ አስሮታል፤ ደግ ነው። ወቀሳውም የሚወርደው ወጥመድ በሚያጠምደው እረኛ ልጅ ላይ ነው። የወንዙን ዳር እስከ ውኃው አፍ ድረስ ለሚያርሰው፣ ፊላውን ለሚመነጥረው፣ ቁጥቋጦውን ለማገዶ ለሚያወርደው ግን ደንቡ አማራጭ አላበጀለትም። ገበሬውን አልከስም፤ ልጆች አሉት። የዳኮታው ገበሬ ሣሩን የተወው ስለተከፈለው ነው። የጀማው ገበሬ በነፃ እንዲተው የሚጠብቅ ፍትሕ የለውም።

መንዝ ጓሳ ላይ የአካባቢው ሰው ሣሩን በአባቶቹ ደንብ ለዓመታት ዘግቶ በጋራ ከፍቶ ያጭድ ነበር። ያ ደንብ የተሠራው ለሣሩ ነው፤ በሣሩ ውስጥ ያለው አራዊትና አዕዋፍ ከእሱ ጋር ተርፏል። እንዲህ ያለ ደንብ ለሸለቆዎቹም ይበጅላቸው። የዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣኖቻችን ቀጣዩን የአደን መመሪያ ከማጥበቃቸው በፊት በጀማ ዳር ስንት ሄክታር ፊላ እንደቀረ ይቁጠሩ፣ ቁጥሩንም በየዓመቱ ለሕዝብ ያውጡት።