ስለ ድብ ስም

በጂኦግራፊ ትምህርታችን «አርክቲክ» የምንለው ቃል ከግሪክኛው «አርክቶስ» የመጣ ነው፤ ትርጓሜውም ድብ ማለት ነው። ይኸውም በሰሜን በኩል ስለሚታዩት ድብ ስለተባሉት ከዋክብት ነው እንጂ፥ በበረዶው ላይ ስለሚኖረው ነጭ ድብ አይደለም። የላቲኑ «ኡርሱስ»፥ የፋርሱ «ኸርስ»፥ የአርመኑ «አርጅ» ሁሉም ከዚያው ከአንዱ ጥንታዊ ስም የተወለዱ ናቸው።

የሩስያ ሰዎች ግን ይህን ስም ጥለው «ሜድቬድ» ይሉታል፤ ማር በላ ማለት ነው። እንግሊዞችና ጀርመኖችም የጥንቱን ስም አያውቁትም። ፈረንሳዊው የቋንቋ ሊቅ አንትዋን ሜዬ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1906 ዓ.ም. እንደ ጻፈው፥ አዳኞች አውሬውን በስሙ መጥራት ነውር ስለ ሆነባቸው በቅጽል ስም ተክተውታል።

እኔ ይህን አሳብ ስለ ሩስያ እቀበለዋለሁ። ምክንያቱም ማር በላ የሚለው ስም ራሱ ከተለመደ በኋላ ሰዎቹ እንደገና ሸሽተው «ሆዝያይን»፥ ማለት ጌታው፥ ብለውታል። ስለ ጀርመኖቹ «ቤር» ግን እጠራጠራለሁ፤ ብዙዎች «ቡናማው» ማለት ነው ሲሉ፥ ሌሎች ሊቃውንት «አውሬ» ከሚል ሥር ያወጡታል። ደግሞስ በግሪክና በአርመን ተራሮች ድብ ሞልቶ ሳለ የጥንቱ ስም አልጠፋም። እንግዲህ ፍርሃት ብቻውን ስም አያጠፋም፤ የአገር ልማድ ይጨመርበታል።

በአገራችን ዱር ድብ የለም፤ ቃሉን የምናውቀው ዳዊት አንበሳና ድብ መግደሉን ከሚናገረው ከመጽሐፍ ቅዱስ ነው። ስም አለመጥራት ግን አለ። በሲዳማና በከምባታ የቆየ ልማድ ያገባች ሴት የባልዋን አባት ስም አትጠራም፤ ከስሙ መጀመሪያ ጋር የሚመሳሰለውንም ቃል ሁሉ ትታ በሌላ ትተካዋለች። ይህም «ባሊሻ» ይባላል።

የሚያሳዝነኝ አንዳንድ ተማሪዎች የሩስያውን አዳኝ ታሪክ በአድናቆት ሰምተው፥ በባሊሻ ግን ኋላ ቀርነት ነው ብለው መሳቃቸው ነው። ልማዱ በሴቲቱ ላይ ሸክም መሆኑን አልክድም። ነገር ግን ስንት ቃል በልቧ ይዛ፥ የትኛውን በየትኛው እንደምትተካ ሳትሳሳት የምትናገር ሴት የቋንቋ ዕውቀቷ እንደምን ያለ ነው! ከዚያ አገር የመጣችሁ ጓደኞቼ በክረምቱ ዕረፍት አያቶቻችሁን ጠይቃችሁ ቃላቱን በደብተር ብትጽፉልን፥ የሚመጣው ዓመት መጽሔት ቦታ አያጣላቸውም።