አየሩ ይመስክር

በቡርጅ ሐሙድም ሆነ በቤይሩት ደቡባዊ ዳርቻ በሰው ቤት የምትሠራ እኅታችን ስለ ጄኔሬተር ጭስ ከማንም ባለሙያ ትምህርት አያስፈልጋትም። ጠዋት ያጠበችው በረንዳ ከሰዓት በኋላ ጠቁሮ ይጠብቃታል፤ ያሰጣችው ነጭ አንሶላ ጥቀርሻ ይዞ ይመለስላታል፤ ማዳሟም አንዳንድ ጊዜ ጥፋቱን የእርሷ ታደርገዋለች። ጥቀርሻው ግን ከጭሱ የሚታየው ክፍል ብቻ ነው። ቀለምም ሽታም የሌለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ አብሮት ይወጣል። ምን ያህል እንደ ወጣ የሚነግረን ቢኖር ነዳጁን ያቃጠለው ሰው ራሱ ነው።

መንግሥታት የሚያቀርቡት የካርቦን ሂሳብ በአብዛኛው የሚሠራው እንዲህ ነው። ፋብሪካው ወይም የኃይል ማመንጫው ያቃጠለው ነዳጅ ይመዘገባል፣ በተወሰነ ቁጥር ይባዛል፣ ውጤቱም ልቀት ተብሎ ይጻፋል። መዝገቡ ከጎደለ ሂሳቡም ይጎድላል። በጥንቱ የሙስሊም ከተሞች ገበያ ሙሕተሲብ የሚባለው ተቆጣጣሪ ነጋዴውን «ሚዛንህ ልክ ነውን?» ብሎ ጠይቆ ብቻ አያልፍም ነበር፤ ሚዛኑን ራሱ ይፈትሽ ነበር። አየርን መለካትም ከዚህ የተለየ አይደለም።

እርግጥ ሥራው ቀላል አይደለም። ይህን ጋዝ ሰው ይተነፍሰዋል፣ አፈር ያወጣዋል፣ ባሕር ይስበዋል፣ ይመልሰዋልም። ቻርልስ ኪሊንግ እ.ኤ.አ. በ1958 በሃዋይ ማውና ሎዋ ተራራ ላይ መለካት ሲጀምር ከአንድ ሚሊዮን የአየር ሞለኪውል 315 ያህሉ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነበር፤ ዛሬ ከ420 አልፏል። በዚህ ሁሉ መካከል የአንድን ጭስ ማውጫ ድርሻ ለይቶ የሚያሳየው ካርቦን 14 የተባለው የካርቦን ዓይነት ነው። በሕያዋን ሁሉ ውስጥ በጥቂቱ ይገኛል፤ ከሞት በኋላ ግን በየ5,700 ዓመቱ ገደማ በግማሽ እየቀነሰ ይሄዳል። ሚሊዮን ዓመታት ከመሬት በታች በኖረው ነዳጅ ውስጥ ፈጽሞ አልቋል። ስለዚህ በአንድ ሥፍራ አየር ውስጥ ካርቦን 14 ከአካባቢው ንጹሕ አየር ያነሰ ከሆነ የጎደለው ያህል የነዳጅ ጭስ ገብቶበታል ማለት ነው።

በኒውዚላንድ ካፑኒ የጋዝ ማቀነባበሪያ ዙሪያ ጆስሊን ተርንቡልና ባልደረቦቿ ይህን ሞክረው፣ እ.ኤ.አ. በ2016 ባሳተሙት ጥናት፣ የፋብሪካውን ልቀት ከ10 በመቶ ባነሰ ስሕተት ማወቅ እንደሚቻል አሳይተዋል። ከአየሩ ሌላ በአካባቢው የበቀለውን ሣር ጭምር መርምረዋል፤ ቅጠል አካሉን የሚሠራው ቀን ቀን ከሚስበው አየር ነውና። በበረንዳችን በጣሳ የበቀለው ነዕናዕም እንዲሁ የሳምንታትን ጭስ መዝግቦ ይዟል፤ የሚያነበው ጠፋ እንጂ።

ሊባኖስ ከሰማይ ታይታለች። ግሪንፒስ እ.ኤ.አ. በ2018 የሴንቲነል 5ፒን የሳተላይት መረጃ መርምሮ፣ የዙቅ ሚካኤል ኃይል ማመንጫ የሚገኝባትን የጁኒየህን አካባቢ በናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ ብክለት ከዐረብ አገሮች አምስተኛ አድርጎ ጠራት። ይህ ጋዝ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር ከአንድ ጭስ ማውጫ ይወጣል፤ በአየር ውስጥ ግን ብዙ ስለማይቆይ ምንጩን በቀላሉ ያሳብቃል። በዚያው ዓመት የአየር ጥራት ጥበቃ ሕግ ቁጥር 78 ወጣ። ሕጉ በወጣ በዓመቱ፣ በ2019፣ የአካባቢ ጥበቃ ሚኒስቴር የአየር መለኪያ ጣቢያዎች ገንዘብ ታጥቶ ሥራ አቆሙ።

ጊዜው ከዚያ የከፋ ሊሆን አይችልም ነበር። ኢኮኖሚው ወደቀ፣ የመንግሥት መብራት ወደ ጥቂት ሰዓት ወረደ፣ በጥቅምት 2021 ሁለቱ ትልልቅ ማመንጫዎች ቆመው አገሪቱ በሙሉ ጨለመች። በየሠፈሩ የቆሙት የናፍጣ ጄኔሬተሮች በቤይሩት ብቻ 8,000 ገደማ እንደሆኑ ተዘግቧል። ጭሱ በበዛበት ሰዓት መለኪያው ተዘግቶ ነበር። ክፍተቱን የሞሉት በቤይሩት የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ናጃት ሳሊባና ባልደረቦቿ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2024 ይፋ ባደረጉት ልኬት፣ በሦስት የከተማዋ ሥፍራዎች ካንሰር አምጪ በካዮች ከ2017 ወዲህ በእጥፍ ጨምረዋል፤ በመቃሲድ ሠፈር ደግሞ ረቂቁ ብናኝ በሜትር ኩብ 60 ማይክሮግራም ሆኖ ተገኝቷል። የዓለም ጤና ድርጅት የዕለት ወሰን 15 ነው።

ለተቸገረ ከተማ የአየር መለኪያ ቅንጦት ነው የሚሉ አሉ። አንስማማም። ኢሽቲራክ የሚከፍል ብዙ ቤተሰብ ቆጣሪ እየታየ በየወሩ ይከፍላል፤ ጄኔሬተሩ የሸጠውን የሚቆጥር ቆጣሪ ሲኖረው ወደ ሳንባችን የጣለውን የሚቆጥር የለውም። ትልቅ ማመንጫ ቢያንስ አንድ የነዳጅ መዝገብ አለው፤ የሺዎች ጄኔሬተሮች ነዳጅ ግን በየጓዳው ተበትኗል። በእንዲህ ያለ ከተማ አስተማማኙ መዝገብ አየሩ ነው።

ስለዚህ ጣቢያዎቹ ጄኔሬተር በተጨናነቀባቸው ሠፈሮች፣ በትምህርት ቤቶችና በሆስፒታሎች አጠገብ ይቁሙ፤ ከብናኙ ጋር ካርቦን ዳይኦክሳይድንም ይለኩ፤ ቁጥሩም በየዕለቱ ለሕዝብ ይውጣ። በዐረብኛ ብቻ ሳይሆን በአማርኛም ይውጣ፤ በረንዳውን የምትጠርገዋ እኅታችን የምታነበው በዚህ ቋንቋ ነውና።