ገበጣና የአብያታ ውኃ

ገበጣ ለሚጀምር ሰው የምንሰጠው ቀዳሚ ምክር «ከማንሳትህ በፊት ቁጠር» የሚል ነው። በጉድጓዶቹና በተጫዋቾቹ እጅ ያለው የጠጠር ድምር እስከ ፍጻሜው አይለወጥም፤ የሁለቱም ጠጠር ለሁለቱም ይታያል።

ከአዳማ በስተደቡብ ባሉት የስምጥ ሸለቆ ሐይቆችም ውኃ በተራ ይወሰዳል። መቂና ቀታር ወደ ዝዋይ ይገባሉ፤ ከዝዋይ የተረፈው በቡልቡላ ወንዝ ወደ አብያታ ይወርዳል። አብያታ መውጫ ስለሌለው ውኃውን በተፈጥሮ የሚያጣው በዋናነት በትነት ነው። ስለዚህ የሚገባው ውኃ ሲያንስ፣ ትነቱ ከገቢው ጋር እስኪመጣጠን ድረስ ስፋቱ ይጠባል። በላይኛው ተፋሰስ ያለው መስኖና ለሶዳ አሽ ምርት ከሐይቁ የተሳበው ውኃ አብያታን ያሸሹት በዚሁ ሕግ ነው።

እዚህ ላይ ሐይቁ ከገበጣ ይለያል። ፀሐይ ሦስተኛ ተጫዋች ናት፤ ከእርሷ ጋር ድርድር የለም። መደራደር የሚቻለው ከሰው ጋር ብቻ ነው። በእኛ እምነት የመቂ አትክልት አምራች፣ የባቱ ነዋሪና የቡልቡላ ከብት አርቢ ውኃ ከመከፋፈላቸው አስቀድሞ የሚገባውንና የሚሳበውን መጠን እኩል ሊያውቁ ይገባል። የሌላውን ጠጠር ሳያይ የሚደራደር ማንም የለምና፣ ልኬቱ ከመሥሪያ ቤት መዝገብ ወጥቶ ለሁሉም ይታይ እንላለን።