ከጌታ እራት በፊት ያለችው ቅዳሜ

ኦርቶዶክሳውያን ጎረቤቶቻችን ወሩን በቅዱሳን ይቆጥሩታል። ሚካኤል በ12፣ ማርያም በ21፣ መድኃኔ ዓለም በ27፣ በዓለ ወልድ በ29 እየተባለ ሠላሳው ቀን ያልቃል። እኛ ወንጌላውያን እንዲህ ያለ ሰሌዳ የለንም፤ ወላጆቻችን ጌታን ሲቀበሉ ዝክሩንም ጽዋውንም ትተው ወጥተዋል። «እናንተ ሳምንት እንጂ ወር የላችሁም» ብሎ የሚቀልድብን ሰው ታዲያ አይፈረድበትም።

ወርስ አለን። አርባ ምንጭ ውስጥ፣ ሰው ሁሉ በስም በሚተዋወቅባት ትንሽ አጥቢያ፣ ወሩ የሚዞረው የጌታ እራት በሚወሰድበት እሑድ ላይ ነው። የአንዲት አጥቢያ ጤንነት ግን ከእሑዱ ይልቅ በዋዜማዋ ቅዳሜ ይታወቃል ባይ ነኝ። ይህቺ ቅዳሜ በየቦታው እየሳሳች፣ አንዳንዱ ዘንድም ጭራሽ እየተረሳች መሆኗ ነው ዛሬ ብዕር ያስነሣኝ።

ሥራዋ እንዲህ ነው። እራቱ ሳምንት ሲቀረው፣ ማስታወቂያ ሊያልቅ ሲል፣ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ይነሣና በመጪው እሑድ ማዕድ እንደሚቀርብ ይናገራል። «የተቀያየማችሁ ካላችሁ ተነጋገሩ። ለብቻችሁ ካቃታችሁ ንገሩን፤ ቅዳሜ እንቀመጣለን» ይላል። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ሰው ሰውን ይፈልጋል። ሲቀላ ገበያ ገንዘብ ተበድሮ ቀጠሮ ያሳለፈ ነጋዴ አለ። በሐሬ ወንዝ መስኖ ሙዝ የሚያለማ፣ በሌሊት ከተራው ቀድሞ ውኃ ወደ ማሳው የመለሰ ገበሬ አለ። «ለ» መዘምራን ውስጥ በሶሎ ምክንያት የተኳረፉ ወጣቶች አሉ። አማትና ምራት አሉ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሽማግሌዎቹ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው ሁለቱንም ወገን ያዳምጣሉ። የሚመለስ ገንዘብ ካለ ቀን ይቆረጥለታል። ይቅርታው ፊት ለፊት በአፍ ይባላል፤ ከዚያ በጸሎት ይዘጋል። ነገሩ ያላለቀለት ሰው እሑድ ዕለት ትሪው ሲመጣ ለጎኑ ያሳልፋል። ማንም አላስገደደውም፤ ትንሽ አጥቢያ ውስጥ ግን ትሪ ያሳለፈ ሰው አይሰወርም። በዚያው ሳምንት አንድ ሽማግሌ ቤቱን ያንኳኳል።

የወሩ ሌላ ሥራ ሁሉ ወደዚህ ይፈስሳል። አርብ ሌሊት አዳር ጸሎት አለ፤ ጋቢ ተከናንቦ የሚያንቀላፋውም፣ እስኪነጋ ቆሞ የሚጸልየውም እኩል አደረ ይባላል። የእናቶች ኅብረት የወለደችውንና የታመመውን ይጠይቃል፤ የሽፈራው ቅጠል የገባበት ኩርኩፋ የሚባለውን ምግብ ይዞ። በማን ቤት ውስጥ ምን ነገር እየተብላላ እንደሆነ ከሽማግሌዎቹ ቀድመው የሚያውቁትም እነዚህ እናቶች ናቸው። የመንግሥት ሠራተኛው ደመወዝ ሲወጣ የአሥራት ፖስታው ይወፍራል። የሙዝ ገበሬው ሙዙን ዓመቱን ሙሉ ስለሚቆርጥ ጥቂት ጥቂት ሳያቋርጥ ይሰጣል።

ደጋው ሌላ ነው። አርባ ምንጭ ከባሕር ጠለል በላይ 1 ሺህ 300 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን፣ 37 ኪሎ ሜትር ርቃ ያለችው ጨንቻ ከ2 ሺህ 700 ሜትር በላይ ናት። ሙዝ ቀርቶ በቆሎ በሚያስቸግርበት በዚያ ብርድ የምዕመኑ እጅ የሚፈታው ገብሱና አፕሉ ሲደርስ ነው። በገጠር አጥቢያ መባ በዓይነትም ይመጣል፤ ዕንቁላል፣ ድንች፣ ዶሮ። ከአምልኮ በኋላ በጨረታ ይሸጣል፤ አንዲት ዕንቁላል በዶሮ ዋጋ ገዝቶ እንደገና ለመባ የሚመልስ ሰው አይጠፋም። በመስከረም ደግሞ ከአዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ ሸማኔዎቹ ለመስቀል ወደ አገር ይመለሱና ወንበር ይጠባል። ያን ጊዜ ቅዳሜዋ ሥራ ይበዛባታል፤ ዓመት ሙሉ አዲስ አበባ የከረመ የወንድማማቾች የርስት ነገር ሁሉ አብሮ ይመጣልና።

ይህ ልማድ ከየት መጣ? ግማሹን ወንጌል አምጥቶታል፤ ግማሹን ግን እዚሁ ጋሞ ምድር አግኝቶታል።

ወንጌሉ የመጣበት መንገድ ራሱ ትንንሽ አጥቢያዎችን የሚያጠነክር ነበር። የሱዳን ኢንቲሪየር ሚሽን ሰዎች ኢትዮጵያ የገቡት እ.ኤ.አ. በ1927 መጨረሻ ነው። በወላይታ የመጀመሪያዎቹ አማኞች በ1933 ተጠመቁ። ኢጣሊያ አገሩን ይዛ በ1937 ሚሲዮናውያኑ ከወላይታ ሲወጡ የተጠመቁት 48 ብቻ ነበሩ፤ ከጦርነቱ በኋላ ሲመለሱ 10 ሺህ ያህል አማኝ ጠበቃቸው። ከእነዚህ መካከል የተነሡ ወንጌል ሰባኪዎች ናቸው ጓዛቸውን በትከሻቸው ይዘው ወደ ጋሞና ወደ ጎፋ ተራሮች የተሻገሩት። ሚሲዮኑ የአጥቢያ አገልጋይ በውጭ ገንዘብ አይተዳደርም የሚል መርህ ስለነበረው ላኪውም ቀላቢውም ምዕመኑ ሆነ። ዛሬ የቃለ ሕይወት ቤተ ክርስቲያን የምንላት ከዚህ አደገች። በጊዶሌ በኩል ደግሞ የኖርዌይ ሉተራን ሚሲዮን ሥራ በ1959 እ.ኤ.አ. ከተመሠረተችው መካነ ኢየሱስ ጋር ተዋሐደ። በውጭ ሰው እጅ ያልተያዘ ጉባኤ የሚቆመው አባላቱ እርስ በርስ ሲተማመኑ ብቻ ስለሆነ፣ እርቅ የመንፈሳዊ ሕይወት ማስጌጫ ሳይሆን የመኖር ጉዳይ ነበር። በደርግ ዘመንም ያው ታየ። የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን በ1974 ዓ.ም. ስትዘጋ 5 ሺህ ያህል አባላት ነበሯት። በየቤቱ በጥቂት በጥቂት እየተሰበሰቡ ቆይተው ደርግ ሲወድቅ ከ34 ሺህ በላይ ሆነው ብቅ አሉ። ሳሎን ውስጥ የሚሰበሰቡ ጥቂት ሰዎች ተቀያይመው አንድ ሌሊትም አብረው ማደር አይችሉም፤ አንዱ ከተከፋ ሁሉም ይታሰራሉ።

ሌላው ግማሽ ከዱቡሻ፣ የጋሞ አባቶች ለምክርና ለእርቅ ከሚሰበሰቡበት አደባባይ፣ ነው። የጋሞ ሰው ወንጌል ሳይሰማ በፊትም በደል ተሸፍኖ እንደማይቀር ያውቅ ነበር። ጎሜ የሚባለው እምነት እንዲህ ይላል፦ አንድ ሰው ወሰን ቢገፋ፣ ቢዋሽ፣ አባቱን ቢያዋርድ፣ መዘዙ በእርሱ ብቻ አይቆምም፤ በልጁ በሽታ፣ በማሳው ድርቀት፣ በሰፈሩ ላይ ይወጣል። ስለዚህ አባቶች ዱቡሻ ላይ ተቀምጠው ይመረምራሉ፤ በደለኛው በአደባባይ ይናገራል፤ ይታረቃል፤ ምርቃት ይከተላል። አማኞች ስንሆን የጎሜን ፍርሃት ትተናል፤ በልጄ በሽታ የጎረቤቴን ርግማን መፈለግ የለብኝም። በደል የሁለት ሰው ብቻ ጉዳይ አይደለም የሚለውን ዕውቀት ግን አልጣልነውም። ጳውሎስም ለቆሮንቶስ ሰዎች በጻፈው የመጀመሪያ መልእክት 11ኛ ምዕራፍ ላይ የሚቆጣው ለዚህ ነው፤ ባለጠጎቹ ቀድመው ጠግበው ድሆቹ ተርበው በተቀመጡበት ማዕድ የጌታ እራት ተበላ ለማለት አልፈቀደም።

የዱቡሻ ጥበብ ምን ማድረግ እንደሚችል አገር ሁሉ ያየው በመስከረም 2011 ዓ.ም. ነው። በቡራዩና በአካባቢዋ በተፈጸመው ጥቃት የጋሞ ተወላጆች ተገድለው፣ ብዙዎች ተፈናቅለው፣ አርባ ምንጭ ላይ የተቆጡ ወጣቶች ለብቀላ ሲወጡ፣ አባቶች እርጥብ ሣር ይዘው መንገዱ ላይ ተንበረከኩ። ወጣቱም ተመለሰ። እነዚያን አባቶች በዕልልታ ያደነቅን አማኞች ብዙ ነን። ያ ጉልበት ግን በአንድ ቀን የተገኘ አይደለም። በየዱቡሻው ስለ በግና ስለ ድንበር ሲያስታርቅ የኖረ ሽማግሌ ነው የከተማ ቁጣ ፊት ቆሞ የሚደመጠው። በትንሹ ያልተለማመደ በትልቁ ቀን ቢንበረከክ ማን ይሰማዋል?

እኛ ጋ ይህ ልምምድ ለምን ሳሳ? አንደኛው ምክንያት የሽማግሌዎች አጀንዳ ነው። ወርሃዊው ስብሰባ በግንባታ ኮሚቴ፣ በሳውንድ ሲስተም ዕዳ፣ በመዘምራን ዩኒፎርምና በኮንፈረንስ እንግዳ ማረፊያ ይሞላል። ኮንፈረንስ ሦስት ቀን ነው፤ ሰባኪው ከሌላ ከተማ ይመጣል፤ እገሌ ከእገሌ ጋር እንደማይነጋገር አያውቅም፣ ሊያውቅም አይችልም። በስልክ መስኮት የሚመጣው ነቢይማ ጭራሽ ስማችንንም አያውቅም፤ በረከት ይናገርልናል፤ ዕዳችሁን ክፈሉ ግን አይለንም። ሁለተኛው ምክንያት ገንዘብ ነው። እንግሊዛዊቷ አንትሮፖሎጂስት ዴና ፍሪማን የአፕል ልማትና የጴንጤቆስጤያዊ እምነት በጋሞ ደጋ እንዴት አብረው እንደተስፋፉ ጽፈዋል። አዲሱ እምነት ሰውን ካፈራው ሀብት ድግስ ደግሶ ለጎረቤት እንዲያከፋፍል ከሚያስገድደው የቀድሞ ሥርዓት ነጻ አውጥቶታል ይላሉ። ነጻነቱ ልጅ አስተምሯል፣ ቤት ቆርቆሮ አልብሷል፤ አልጸጸትበትም። ድግሱን ስንተው ግን ባለአፕሉንና አፕል የሌለውን የሚያገናኝ ሌላ ገበታ መኖር አለበት። ያለን ገበታ ይኸው የወሩ ነው። ቅዳሜዋን ካነሣንበት የሚቀረው ቁራሽ ዳቦና የዘቢብ ጭማቂ ብቻ ነው።

በሌላ በኩል፣ የቅዳሜዋን ስም የሚያጠፋ ነገርም እናደርጋለን። ዕርቅ ብለን ዝምታን የምንገዛበት ጊዜ አለ። ባሏ የሚደበድባትን ሴት «ለማዕዱ ስትይ ይቅር በይ» ብለን መልሰን የምንልክ ከሆነ፣ እርሷን በድለናል፣ ማዕዱንም አርክሰናል። ድብደባና የልጅ ጥቃት በአግዳሚ ወንበር አያልቅም፤ ፖሊስና ፍርድ ቤት አለ፤ የሽማግሌ ድርሻ ተጎጂዋን ይዞ እዚያ ማድረስ ነው። አግዳሚው ወንበር ላይ ወንዶች ብቻ የሚቀመጡ መሆኑም ነገር ይሸፍናል። የሰፈሩን ሁኔታ ቀድመው የሚያውቁት እናቶች ሆነው ሳለ ከውይይቱ ውጭ ቆመው ሻይ እንዲያቀርቡ ማድረግ፣ ዐይንን ጨፍኖ መንገድ መምራት ነው። በሽማግሌ ጆሮ የተነገረ ገመናም በሳምንቱ ገበያ ላይ ከተሰማ፣ ከዚያ ወዲያ ማንም አይመጣም፤ ባይመጣም እውነት አለው።

እነዚህ ጥፋቶች የሚታረሙ ናቸው እንጂ ልማዱን የሚያስጥሉ አይደሉም። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ በቀድሞው ደቡብ ክልል ከመቶው ሕዝብ 55.5 ያህሉ ፕሮቴስታንት ነበር። ይህን ያህል ሰው ወደዚህ ገበታ ይጠራል ማለት ነው። የቀበሌ ማኅበራዊ ፍርድ ቤት የሚያየውን ያህል ነገር ሳይካረር፣ ያለ ክስ ወረቀትና ያለ ምልልስ ሊያልቅ የሚችልበት ዕድል በእጃችን አለ።

ብዙ ነገር አልጠይቅም። የሽማግሌዎች ወርሃዊ ስብሰባ በግንባታ ሪፖርት ፈንታ በሰው ይጀምር፤ ማን ታሟል፣ ማን ቀርቷል፣ ማን ከማን ጋር አይነጋገርም። ከእናቶች ኅብረት ቢያንስ ሁለት በወንበሩ ላይ ይቀመጡ። ገንዘብ ያዡ የወሩን ገቢና ወጪ ከእራቱ በፊት በጉባኤው ፊት ያንብብ፤ በአጥቢያ ውስጥ የቅያሜ ትልቁ ምንጭ ያልተነበበ ሒሳብ ነውና። ኮንፈረንስም በዋዜማዋ ቅዳሜ ላይ አይቀጠር። የሚቀጥለው ወር መርሐ ግብር በር ላይ ሲለጠፍ ቆማችሁ አንብቡት፤ ቅዳሜዋ ከሌለችበት እጃችሁን አውጥታችሁ ለምን ብላችሁ ጠይቁ።