ቊልፉ በማን እጅ ነው?

የመዛግብትንና የጥንታዊ መጻሕፍትን አጠባበቅ ለመማር ዛሬ ባሕር መሻገር ግድ አይደለም። በ1948 ዓመተ ምሕረት በአውሮፓውያን አቈጣጠር የተቋቋመው ዓለም አቀፍ የመዛግብት ምክር ቤት ትምህርቱን በኢንተርኔት ይሰጣል፤ መቀመጫው በሮም የሆነው ኢክሮምም ከዩኔስኮ ጋር ሆኖ ስለ ትናንሽ ሙዚየሞች ግምጃ ቤት አደረጃጀት ያወጣውን መመሪያ ማንም በነጻ ይወስደዋል። ይህ የሚያስመሰግን ሥራ ነው። ነቀፋችን ትምህርቱ ማንን እንደ ዘነጋ ለመናገር ነው።

አንባቢ ሆይ፥ የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት የሚበዙት በየገዳሙና በየደብሩ ዕቃ ቤት መሆኑን አስተውል። ቊልፉም በቄሰ ገበዙ እጅ ነው። ትምህርቱ ግን አብዛኛው በባዕድ ቋንቋ የተጻፈ ነው፤ መብራትና የማይቋረጥ መስመርም ይሻል። ስለዚህ ምስክር ወረቀቱን የሚቀበለው ብዙ ጊዜ ብራና ሳይገልጥ በቢሮ የሚውለው የከተማ ሰው ይሆናል። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም ይባላል፤ ጠባቂውን ትቶ ስለ ጥበቃ ማስተማርም ከዚሁ ይቈጠራል።

«ገበዙ ምን ያውቃል?» የሚል ቢኖር፥ በዐድዋ አጠገብ ያለውን የአባ ገሪማን ወንጌል ይመልከት። ብራናው በሳይንስ ተመርምሮ ከ4ኛው እስከ 7ኛው መቶ ዓመት ባለው ዘመን የተዘጋጀ መሆኑ ታውቋል። ይህን ያህል ዘመን ያቈዩት መነኰሳት ናቸው። መጽሐፍን በማኅደር ከትቶ ከመሬት አርቆ መስቀልም ዕውቀት ነው።

ደግሞም «አባቶቻችን ያለዚህ ትምህርት ጠብቀውታል፤ ለእኛስ ምን ያደርግልናል?» የሚል አለ። እርሱም ተሳስቷል። አባቶቻችን ፕላስቲክና ፕላስተር አያውቁም ነበር። ዛሬ የተቀደደውን ቅጠል በፕላስተር የሚለጥፍ አለ፤ ሙጫው ውሎ አድሮ ብራናውን ያጐድፈዋል። መጽሐፉን በፕላስቲክ የሚጠቀልልም አለ፤ እርጥበቱ ታፍኖ ሻጋታ ያወጣል። ለአዲስ ጕዳት አዲስ ትምህርት ያስፈልጋል።

ሦስተኛውም «መጻሕፍቱ ፎቶግራፍ ተነሥተዋል፤ ከእንግዲህ አይጠፉም» ይላል። በእርግጥ ከ1973 ዓመተ ምሕረት በአውሮፓውያን አቈጣጠር ጀምሮ ከ8,000 የሚበልጡ የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም ተነሥተዋል። ፊልሙ ንባቡን ያድናል፤ ብራናውን ግን ከአይጥና ከሚያፈስ ጣራ አያስጥለውም።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ትምህርቱ በአማርኛና በትግርኛ ይተርጐም። መስመር ወደሌለበት ደብር በስልክ ተጭኖ ይሂድ፤ ወጣቱ ዲያቆን ከገበዙ ጋር ተቀምጦ ይማረው። ብራና ፋቂውና ደጓሹም በመምህርነት ተጠርተው ዋጋቸው ይከፈላቸው፤ መርፌና ክር አያያዝ በማየት ብቻ አይለመድምና። ምስክር ወረቀት የሚሰጡትም ተማሪው ስንት መጽሐፍ ከጥፋት እንዳዳነ ይጠይቁት።

ቊልፉን የያዘው እጅ ሳይማር የምሩቃን ቍጥር ቢበዛ፥ የሚበዛው ወረቀቱ ነው፤ ብራናው ግን እያለቀ ይሄዳል።