ቴሌቪዥኑ አላነብም ያለው ዲስክ

የዛሬው ጨዋታዬ በአንዲት ጠቅታ ልናጣው ስለነበረ ነገር ነው።

ከሁለት ሳምንት በፊት፣ ቅዳሜ ማታ፣ አውሮራ ወንድሜ ቤት ነበርኩ። ቡና ተፈልቷል፣ ፈንዲሻ ቀርቧል፣ መብራት ጠፍቷል፤ ሁላችንም ሶፋው ላይ ተደርድረናል። ጋሼ (ታላቅ ወንድሜን የምጠራው እንዲህ ነው) ከመኝታ ቤት አንድ ሃርድ ዲስክ ይዞ መጣ። መጠኑ የኪስ ቦርሳ ያህላል። ውስጡ ግን የሃያ ዓመት ንብረት አለ፦ ከአዲስ አበባና እዚህ ካሉ የአበሻ ሱቆች የገዛቸው የአማርኛ ፊልሞች፣ የልጆቹ ክርስትና፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በ1992 ዓ.ም. አዲስ አበባ የተደገሰው የራሱ ሠርግ። እናታችን ስትናገር የምትሰማው በዚያ ቪዲዮ ላይ ብቻ ነው። አሁን በሕይወት የለችም።

ጋሼ ዲስኩን ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ሰካው። ቴሌቪዥኑ ምንም ፋይል እንዳላገኘ ነገረን። ነቅሎ እንደገና ሰካው። ያው ነው።

የ15 ዓመት ልጁ «ቆይ አባዬ፣ እኔ ልሞክረው» ብሎ ዲስኩን ከላፕቶፑ ጋር አገናኘው። ወዲያው አንድ ጥያቄ ብቅ አለ፦ ይህን ዲስክ ለመጠቀም ፎርማት ማድረግ ያስፈልጋል፤ ይደረግ? ልጁ «አክስቴ፣ ፎርማት ላድርገው?» እያለ ጣቱን ወደ «እሺ» ወሰደ።

«እንዳትነካው!» ብዬ ጮህኩ። ፈንዲሻው ተደፋ።

ለምን እንደጮህኩ ልንገራችሁ። ዲስክ ላይ የሚቀመጡት ፊልሞች ብቻ አይደሉም። የትኛው ፊልም የት እንዳለ የሚናገር መዝገብም አለ። መዝገቡ የሚጻፍበት መንገድ ደግሞ ብዙ ዓይነት ነው። ጋሼ ዲስኩን የሞላው ድሮ በነበረው ማክ ኮምፒዩተር ስለሆነ መዝገቡ የተጻፈው በማክ መንገድ ነው። አብዛኞቹ ቴሌቪዥኖች ይህን መንገድ አያውቁትም፤ ዊንዶውስ ያለው የልጁ ላፕቶፕም አያውቀውም። አንድ የአማርኛ መጽሐፍ ፊደል ላልቆጠረ ሰው ብትሰጡት ሊያነበው አይችልም። መጽሐፉ ግን ባዶ አይደለም። ሰውየው «ማንበብ ስላልቻልኩ ልሰርዘውና አዲስ ደብተር ላድርገው?» ቢላችሁ ምን ትሉታላችሁ? ያ ጥያቄ ይህ ነው።

በማግስቱ ዲስኩን በካልሲ ጠቅልዬ፣ ልጁን ከጎኔ አስቀምጬ፣ በኮልፋክስ መንገድ ወደ ዴንቨር ቤቴ ነዳሁ። የእኔ ኮምፒዩተር ማክ ነው። ሰካሁት፤ ተከፈተ። ሁሉም ነገር በቦታው አለ። ያን ጊዜ ነው በደንብ የተነፈስኩት።

መጀመሪያ የሠርጉን ቪዲዮ ወደ አንድ ባዶ ፍላሽ ለመገልበጥ ሞከርን። ቪዲዮው 6 ጊጋ ባይት ነው፤ ፍላሹ 32 ጊጋ ይይዛል። አልቀበልም አለ። ልጁ «ቦታ እያለው?» ብሎ ተናደደ። ፍላሹ የተዘጋጀው ፋት 32 በሚባለው አሮጌ መንገድ ነበር፤ በዚያ መንገድ አንድ ፋይል 4 ጊጋ ባይት ከሞላ አይገባም። እንደ ጠባብ መሶብ አስቡት፤ ትንንሽ እንጀራ ብዙ ይይዛል፣ አንድ ሰፊ እንጀራ ግን አይገባበትም። ስለዚህ አዲስ ዲስክ ገዛንና ኤክስፋት በሚባለው መንገድ ፎርማት አደረግነው። ይህን ማክም ዊንዶውስም ያነቡታል፣ ይጽፉበታል፤ ዛሬ የሚሸጡ ብዙ ቴሌቪዥኖችም ያነቡታል። አዲሱ ዲስክ ባዶ ስለሆነ «እሺ» የሚለውን ልጁ ራሱ ተጫነው። ትንሽ እጁ ተንቀጥቅጧል።

የድሮዎቹ ፊልሞች ሌላ ጣጣ ነበራቸው። በቪሲዲ የተገዙ ናቸው። አንድ ቪሲዲ 74 ደቂቃ ያህል ብቻ ስለሚይዝ አንድ ፊልም በሁለት ዲስክ ይሸጥ ነበር። ልብ በሚሰቀልበት ቦታ ላይ ፊልሙ ይቆማል፤ አንድ ሰው ተነስቶ ሁለተኛውን ዲስክ ያስገባል። በእኛ ቤት ቀያሪው ሁልጊዜ ጋሼ ነበር። ቪኤልሲ በሚባል ነፃ ፕሮግራም ፋይሎቹን ወደ ኤምፒ4 ቀየርናቸው፤ ከዚያ ሁለቱን ግማሾች አገጣጠምናቸው። የቪሲዲ ምስል 352 በ288 ነጥብ ብቻ ስለሆነ በትልቅ ስክሪን ላይ የተዋንያኑ ፊት ይደበዝዛል። እኔ ግን ብዥታውን እወደዋለሁ።

ሠርጉስ? እሱ አልነበብ ሲል ይህ የመጀመሪያው አይደለም። ካሴቱ ከአዲስ አበባ በሰው እጅ ዴንቨር ሲደርስ የአሜሪካው ማጫወቻ አላጫውትም ብሎ ነበር። የኢትዮጵያ ቪዲዮ ፓል በሚባለው ሥርዓት በሰከንድ 25 ምስል ያሳያል፤ የአሜሪካው ኤንቲኤስሲ 30 ያህል። እናታችን ጥቁርና ነጭ ሆና ስክሪኑ ላይ ስትንከባለል አየናት። ጋሼ ያን ጊዜ ገንዘብ ከፍሎ አስቀየረው።

አሁን ቪዲዮው ይሠራል። ልጁ ግን የአያቱን አማርኛ በደንብ አልተከተለውም፤ ፈጥና ትናገራለች። ስለዚህ ከሥር የሚነበብ ጽሑፍ ልናዘጋጅ ተቀመጥን። እኔ እያዳመጥኩ በአማርኛ ጻፍኩ፤ እሱ በእንግሊዝኛ ተረጎመ። እናታችን ሙሽሮቹን «ውለዱ፣ ክበዱ» ብላ ትመርቃለች። ልጁ ምን ብሎ ተረጎመው መሰላችሁ? «ልጆች ውለዱ፣ ወፍሩ!» እንባዬ እስኪመጣ ሳቅኩ። «ክበዱ» ማለት ክብደት ጨምሩ ማለት ሳይሆን ሰው የሚያከብራችሁ፣ ቃላችሁ የሚሰማ ሁኑ ማለት ነው። ከበደ የሚባል ሰው ታውቁ ይሆናል፤ ስሙ ከዚሁ ቃል ነው። «ውለዱ» ያለችው ደግሞ፣ አልኩት፣ አንተን ነው። ዝም አለ። ከዚያ ቪዲዮውን ወደ ኋላ መልሶ እንደገና አዳመጠ።

አንድ ምክር ጣል ላድርግ። ጽሑፉን ስታስቀምጡ ዩቲኤፍ-8 የሚለውን ምረጡ፤ የፋይሉ ስምም ከፊልሙ ስም ጋር አንድ ይሁን። እንዲያም ሆኖ የጋሼ ቴሌቪዥን የግዕዝ ፊደል ስለሌለው አማርኛውን ባዶ ሣጥን፣ ሣጥን አድርጎ አሳየን። ስለዚህ ፊደሎቹን ከምስሉ ጋር አንድ ላይ አተምናቸው። እንዲህ ሲሆን ቴሌቪዥኑ ፊደል ማወቅ አያስፈልገውም።

አሮጌው ዲስክ እኔ ጋ ዴንቨር ቀረ፤ አዲሱ አውሮራ ተመለሰ። አንዱ ቢሰበር ሌላው አለ።

ባለፈው ቅዳሜ እንደገና ተሰበሰብን። መጀመሪያ ሠርጉን አየን፤ ምርቃቱ ላይ ስንደርስ ማንም ፈንዲሻ አልበላም። ቀጥሎ የቴዎድሮስ ተሾመን «ቀዝቃዛ ወላፈን» ከፈትን። ፊልሙ መሐል ላይ ሲደርስ ጋሼ ከሶፋው ብድግ አለ።

«ጋሼ፣ ወዴት ነው?» አልኩት።

ቴሌቪዥኑን አየ፤ ፊልሙ ሳይቋረጥ ቀጥሏል። «ዲስኩን ልቀይር» አለና ስቆ ተቀመጠ።